ደንገጎ፣ ጓዝና ጥርስ፤ ስለ ረጅም የብስክሌት ጉዞ የጠየቃችሁንና የመለስንላችሁ

ክረምቱ ወጥቶ መንገዱ ሲደርቅ ስለ ብስክሌት የሚመጡልን ደብዳቤዎች ይበዛሉ። የዘንድሮዎቹ አብዛኞቹ ከድሬዳዋ ተነሥቶ ወደ ሐረር፣ ወደ ቁልቢ ወይም ወደ ጅግጅጋ ስለ መጓዝ የሚጠይቁ ናቸው። የተመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርገን መልሰናል።

ጥያቄ፦ ሰላም ለዝግጅት ክፍሉ። እኔና ጓደኛዬ የሳቢያን ልጆች ነን። ለጥምቀት ሰሞን ከድሬ ሐረር፣ ከሐረር ባቢሌ፣ ከዚያ ጅግጅጋ በብስክሌት ልንገባ አስበናል። ሁለታችንም 26 ቁጥር ማውንቴን ነው ያለን፤ ፊት ሦስት፣ ኋላ ሰባት ማርሽ። ለሙከራ ጓዛችንን ጭነን ወደ ደንገጎ ስንወጣ ግማሽ ላይ ወርደን ገፋን። ችግሩ ጉልበታችን ነው ወይስ ብስክሌቱ? ስንት ቀንስ ይበቃናል? አቦ፣ እውነቱን ንገሩን።

መልስ፦ ጉልበታችሁን ከመጠርጠራችሁ በፊት የማርሹን ጥርስ ቁጠሩ። ድሬዳዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ደንገጎ ጫፍ ስትደርሱ 2,000 ሜትር ገደማ ላይ ናችሁ። ይህን ሁሉ የምትወጡት በ20 ኪሎ ሜትር ገደማ ውስጥ ነው። ከከተማው መውጫ ያለው ለስላሳ ስለሆነ ዳገቱ የተጠራቀመው በቀረው ላይ ነው።

ርካሽ ማውንቴን ላይ ብዙ ጊዜ የፊቱ ትንሹ 28፣ የኋላው ትልቁም 28 ጥርስ ነው። እንዲህ ከሆነ ፔዳሉ አንዴ ሲዞር ጎማውም አንዴ ይዞራል፤ 26 ቁጥር ጎማ ደግሞ በአንድ ዙር 2 ሜትር ከ7 ሳንቲም ገደማ ይሄዳል። በደቂቃ 60 ጊዜ ለመርገጥ በሰዓት 7 ኪሎ ሜትር ተኩል መሄድ ሊኖርባችሁ ነው። ጓዝ ጭኖ ቀጥ ባለው ዳገት ላይ ይህን ፍጥነት የሚይዝ ሰው ጥቂት ነው። ፍጥነቱን ስትቀንሱ የምትረግጡት ዙር ይቀንሳል፤ ያኔ ሸክሙ ሁሉ ጉልበታችሁ መገጣጠሚያ ላይ ያርፋል፤ ከዚያ መውረድ ነው።

ፊት 24፣ ኋላ 34 ብታደርጉት ግን በአንድ የፔዳል ዙር 1 ሜትር ተኩል ያህል ብቻ ትሄዳላችሁ። በዚያው 60 ዙር ፍጥነቱ በሰዓት 5 ኪሎ ሜትር ከምናምን ይሆናል። ከሚራመድ ሰው ብዙም አይበልጥም፤ ግን ተቀምጣችሁ፣ እየተነፈሳችሁ፣ ሳትወርዱ ትወጣላችሁ። ለዚህ ጉዞ ገንዘብ የሚወጣበት አንድ ነገር ምረጡ ብትሉን ይህን ነው የምንመርጠው። ከአዲስ ኮርቻ፣ ከመብራት፣ ከሚያምር ቦርሳ ሁሉ ይቀድማል።

ለኋላው፣ ከ14 እስከ 34 ጥርስ ያለው የሰባት ማርሽ ስብስብ ጠይቁ። ድሬ ታይዋን ገበያ ካጣችሁት አዲስ አበባ ለሚሄድ ሰው አሮጌውን አሳይታችሁ ላኩት። ሲገጠም አራት ነገር ቆማችሁ ተከታተሉ። አሮጌውን ለማውጣት ለእሱ የተሠራ ቁልፍ ያስፈልጋል፤ በመዶሻና በካቻቢቴ እየመታ ሊያወጣ የሚሞክር ካለ ብስክሌታችሁን ይዛችሁ ሂዱ፣ ጥርሱን ይሰባብረዋል። አዲሱ ሲገባ ጥርሱ የሚጠመዘዝበት ቦታ ግራሶ ይቀባ፤ አለበለዚያ ዳገት በወጣችሁ ቁጥር እየጠበቀ ሄዶ ሌላ ጊዜ አይወጣም። ሦስተኛው የሰንሰለቱ ርዝመት ነው። ሰንሰለቱን ማርሽ ቀያሪው ውስጥ ሳታስገቡ በፊቱ ትልቁና በኋላው ትልቁ ጥርስ ላይ ጠምጥሙት፤ ጫፍና ጫፉ ከተገናኘበት በኋላ ሁለት አንጓ መትረፍ አለበት። ለ28 ጥርስ የተቆረጠው አሮጌ ሰንሰለት ለ34 ያጥራል፤ በስህተት ትልቅ ከትልቅ ጋር ያገናኛችሁት ቀን ማርሽ ቀያሪውን ገንጥሎ የኋላ ጎማው ሽቦዎች ውስጥ ይከተዋል። መጨረሻም፣ ማርሽ ቀያሪው ወደ ውስጥ ከ34ቱ እንዳያልፍ የሚያግደው ትንሽ ብሎን እንደገና ይስተካከል።

ቀኑን በተመለከተ፣ ሦስት የመንገድ ቀንና አንድ የዕረፍት ቀን ያዙ። ከድሬ ሐረር 55 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ንጋት 11 ሰዓት ተኩል ላይ ተነሡና ፀሐይዋ ሳትበረታ፣ 3 ሰዓት አካባቢ ደንገጎ ላይ ሁኑ። ያ ካለፈ በኋላ በአዴሌ፣ በሐረማያና በአወዳይ በኩል ያለው መንገድ ከፍና ዝቅ ይላል እንጂ አይጎዳም። አወዳይ ላይ ግን ከብስክሌት ወርዶ መግፋት ነውር አይደለም። የጫት ገበያው መንገዱን ይሞላዋል፤ ከዚያ የሚወጣው የጫት መኪና ደግሞ ቅጠሉ ሳይጠወልግ ለመድረስ ስለሚሽቀዳደም ለማንም አይቆምም። ከኋላ ጥሩምባ ስትሰሙ ከአስፋልቱ ውጡ፤ መብቴ ነው ብሎ መስመር መያዝ እዚያ አይሠራም።

ሁለተኛውን ቀን ለሐረር ስጡት፤ ጀጎልን እዩ፣ እግራችሁን አሳርፉ። ከዚያ ባቢሌ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ አብዛኛው ቁልቁል ነው፤ በግማሽ ቀን ትገባላችሁ። እዚያው እደሩ። የሚቀራችሁ 70 ኪሎ ሜትር ገደማ በዳካታ ሸለቆ፣ ድንጋይ በድንጋይ ላይ ቆሞ በሚታይበት፣ ጥላ በሚያጥርበት አገር ነው፤ መጨረሻው ላይም ካራማራ ይጠብቃችኋል። ለዚህ ቀን በነፍስ ወከፍ 5 ሊትር ውሃ ከባቢሌ ሞልታችሁ ውጡ። ከመነሣታችሁ በፊት የመንገዱን ጸጥታ ከፖሊስና ትናንት ከመጣ ሹፌር ጠይቁ። አንዱ ሌላውን አይተካም።

ስለ ጓዛችሁም እንናገር፤ ድንኳን፣ ፍራሽ፣ ምድጃ ጭነናል ብላችሁ ጽፋችኋል። አውርዱት። በዚህ መስመር ላይ በየከተማው አልጋ አለ፤ ሐረር ዙሪያ ደግሞ ሜዳ ላይ ማደር ከጅብ ጋር መጋፋት ነው። የእናንተ፣ የብስክሌቱና የጓዙ ክብደት ተደምሮ 100 ኪሎ ቢሆን፣ 5 ኪሎ ስትቀንሱ ዳገቱ ላይ ከምታወጡት ጉልበት 5 በመቶው ይቀርላችኋል። ለአንድ ሰው ከውሃው ውጪ 8 ኪሎ ይበቃል፤ ቅያሬ ልብስ፣ ሹራብ፣ ነጠላ፣ የጥገና ዕቃ፣ የአንድ ቀን ስንቅ። ሻንጣ መግዛት አያስፈልግም። ሁለት ባለ 10 ሊትር ጀሪካን ከላይ በኩል ቁረጡ፣ በኋላ መጫኛው ግራና ቀኝ በወፍራም ሽቦ አንጠልጥሉ፣ ከታች ደግሞ በከመነዳሪ ቁራጭ ወደ ብስክሌቱ ሳቡት እንዳይወዛወዝ። ውሃ አያስገባም፣ ሲቀመጥም ወንበር ነው። ከማሰራችሁ በፊት ተቀምጣችሁ ፔዳሉን ወደኋላ አዙሩ፤ ተረከዛችሁ ጀሪካኑን የሚነካ ከሆነ ወደኋላ ይገፋ።

ጥያቄ፦ ሐረር ሸዋ በር አካባቢ ነው የምኖረው። ዕቃ ጭኜ ወደ ፈዲስም ወደ ባቢሌም እመላለሳለሁ። የኋላ ጎማዬ ሽቦ በየወሩ ይበጠሳል። ጠጋኙ አንዱን በቀየረ ሳምንት ሌላው ይሄዳል። ቸርኬውን ልቀይረው ይሆን?

መልስ፦ ቸርኬው ካልተጣመመ ወይም ካልተሰነጠቀ ይቆይ፤ መቀየር ያለባቸው ሽቦዎቹ ናቸው፣ ያውም ሁሉም በአንድ ጊዜ። እርስዎ የሚሉት ዓይነት መበጣጠስ የሚመጣው ሽቦዎቹ በደንብ ስላልተወጠሩ ነው። ጎማው በዞረ ቁጥር ከታች የሚደርሰው ሽቦ ለቅጽበት ይላላል፣ ሲያልፍ ይወጠራል። ድሮውንም የላላ ሽቦ በየዙሩ አንገቱ ላይ፣ ሞዞው ቀዳዳ ውስጥ በሚታጠፍበት ቦታ፣ ይተጣጠፋል። አንድ ሽቦ ደጋግመው ሲያጥፉት እንደሚበጠሰው ማለት ነው። አንዱ ሲሄድ ሸክሙ ለጎረቤቶቹ ይደርሳል፤ እነሱም ቀድመው የደከሙ ስለሆኑ ተራ በተራ ይከተላሉ። ጠጋኙ አንድ አንዱን መቀየሩ የማይፈይደው ለዚህ ነው።

ሽቦዎቹን በጣትዎ እንደ ክራር ክር ነካ ነካ ያድርጓቸው። በኋላ ጎማ የቀኙ ወገን፣ የጥርሱ በኩል ያለው፣ ከፍ ያለ ድምፅ ይሰጣል፤ የግራው ዝቅ ያለ። ይህ ጤነኛ ነው፤ ጥርሱ ቦታ ስለሚይዝ የቀኙ ሽቦ ቀጥ ብሎ ይቆምና የበለጠ መወጠር አለበት። በሽታው በአንዱ ወገን ውስጥ አንዱ ሲጮህ ሌላው ዝም ሲል ነው።

ሲያስቀይሩ ውፍረቱ 2 ሚሊ ሜትር የሆነ የማይዝግ ሽቦ ይጠይቁ። አሮጌ ናሙና ከሦስት ቦታ ይውሰዱ፤ ከኋላ ቀኝ፣ ከኋላ ግራ፣ ከፊት። ርዝመታቸው በጥቂት ሚሊ ሜትር ይለያያል፣ በዓይን አይታይም፣ ሲገጠም ግን ያስቸግራል። ጠጋኙ ሽቦዎቹን ወጥሮ ቸርኬውን ካቀና በኋላ ገና አላለቀም፤ ጎን ለጎን የሚሄዱትን ሽቦዎች ሁለት ሁለት አድርጎ በእጁ በደንብ ይጨምቃቸው፣ በጎማው ዙሪያ ሁሉ። ሲጨምቅ ጢን ጢን ይላል፤ በየቦታው ያልተቀመጠው ሲቀመጥ ነው። ከዚያ እንደገና ያቅና። ይህችን የአምስት ደቂቃ ሥራ የዘለለ ጎማ ከ50 ኪሎ ሜትር በኋላ መላላቱ አይቀርም።

መንገድ ላይ ከተበጠሰብዎ ደግሞ የተበጠሰውን ከጎረቤቱ ጋር ይጠምጥሙት፤ ሲንጠለጠል ማርሽ ቀያሪው ውስጥ ይገባል። የቀኝ ወገን ሽቦ ከሆነ የሄደው ቸርኬው ወደ ግራ ያዘነብላል፤ በግራና በቀኙ አጠገብ ያሉትን ሁለት የግራ ወገን ሽቦዎች በግማሽ ዙር ያላሏቸው። የሽቦው ዳዶ ከጎማው በኩል ወደ መሃል ሲታይ ወደ ቀኝ ሲዞር ይጠብቃል፣ ወደ ግራ ይላላል። ቸርኬው አሁንም ፍሬኑን የሚነካ ከሆነ የኋላ ፍሬኑን ይፍቱትና በፊቱ ብቻ፣ ቀስ ብለው ይግቡ። ሦስት ሦስት መለዋወጫ ሽቦ ከኮርቻው ሥር ባለው ቱቦ ላይ በፕላስተር ለጥፎ መያዝ ክብደቱ አይሰማም።

የሚጭኑትንም ይመልከቱት። የኋላ መጫኛ ላይ 40 ኪሎ ጥሬ ጭኖ በራሱም ተቀምጦ ጉድጓድ ውስጥ የሚገባን ብስክሌት የትኛውም ሽቦ አይችለውም። ጉድጓድ ሲመጣ ከኮርቻው ብድግ ይበሉ፤ ቢያንስ የራስዎ ክብደት በጉልበትዎ በኩል ይለዝባል።

ጥያቄ፦ ከድሬ ወደ መልካ ጀብዱና ወደ ኤረር አቅጣጫ በወጣን ቁጥር ጎማ ይፈነዳል። በአንድ ቀን አራቴ የለጠፍንበት ጊዜ አለ። የለጠፍነውም መልሶ ይለቃል። ምን ይሻላል?

መልስ፦ እዚያ የሚበሳችሁ ሦስት ነገር ነው፤ የግራር እሾህ፣ ወያኔ የሚባለው ዛፍ እሾህና ኩርንችት። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ረጃጅም ናቸው፣ ጎማውን አልፈው ከመነዳሪው ውስጥ ይገባሉ። ኩርንችት አጭር ነው፤ ግን በብዛት ይሰካል። ከአስፋልቱ ዳር ያለው አሸዋ ላይ ነው የሚተኛው፤ ለመኪና ስትወጡ የምትረግጡት እሱን ነው። ስለዚህ ጥግ ላይ ከወጣችሁ ወዲያው ቁሙና ጎማችሁን እያዞራችሁ ጠራርጉ፤ የተሰካ ኩርንችት የሚበሳው አንድ ሁለት ኪሎ ሜትር ከተነዳ በኋላ ነው።

በአንድ ቀን አራቴ መበሳት ብዙ ጊዜ አራት እሾህ አይደለም፤ አንዱ እሾህ ነው አራቴ የሚበሳው። ከመነዳሪውን ስታወጡ ቫልቮላው ከጎማው ጋር የሚገናኝበትን ቦታ አስታውሱ። ነፍታችሁ ቀዳዳውን ካገኛችሁ በኋላ ከመነዳሪውን በጎማው ላይ በነበረበት አኳኋን አስተኙት፤ እሾሁ ያለው እዚያው ፊት ለፊት ነው። ጎማውን ከውስጥ በጣት ጫፍ፣ በጣም በዝግታ፣ በሁለቱም አቅጣጫ ዳብሱ። ከውጭ ተሰብሮ ከውስጥ የቀረ ስለት በዓይን አይታይም። በጥፍር አይወጣም፤ ወረንጦ ያዙ።

የለጠፋችሁት የሚለቀው ከችኮላ ነው። ቀዳዳውን ዙሪያውን፣ ከልጣፊው ሰፋ አድርጋችሁ፣ የጎማው ማብረቅረቅ እስኪጠፋ በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጉ፤ የሻጋታው ስፌት መስመር ካለበት እሱም እስኪስተካከል። ማስቲሹን ስስ አድርጋችሁ ቀቡ። ከዚያ ጠብቁ፤ አምስት ደቂቃ። ስትነኩት እርጥብ ከሆነ አልደረሰም፤ ልጣፊው የሚይዘው ማስቲሹ ከደረቀ በኋላ ነው እንጂ እንደ ወረቀት ሙጫ በእርጥቡ አይደለም። በጣት ግን አትንኩት፤ ጠርዙን ሞክሩ። ልጣፊውን ከመሃል ወደ ዳር በካቻቢቴ እጀታ አጥብቃችሁ ጨፍልቁ። ድሬ ሙቀት ውስጥ አንዴ የተከፈተ ማስቲሽ በሳምንታት ውስጥ ደርቆ ታገኙታላችሁ፤ ለጉዞ ያልተከፈተ ያዙ፣ ከሱ ጋር አሥር ልጣፊና ሁለት ሙሉ ከመነዳሪ። መንገድ ላይ ከመነዳሪ ቀይሩ፣ መለጠፉን ማታ አልጋ ከያዛችሁ በኋላ ተረጋግታችሁ ሥሩት።

አሮጌ ከመነዳሪ በርዝመቱ ሰንጥቆ በጎማውና በአዲሱ መሃል ማንጠፍ ለኩርንችት ጥሩ መከላከያ ነው። የሚበላሸው ጠርዙ ላይ ነው፤ የተቆረጠው ጠርዝ እየፈተገ ከመነዳሪውን ራሱ ይበሳል። ጠርዙን በብርጭቆ ወረቀት አሳሱት፣ መሃላቸውም የሕፃን ፓውደር ነስንሱ።

ነፋሱንም ዝቅ አድርጋችሁ አትንዱ። ለ26 በ1.95 ጎማ ጓዝ ካለ ኋላ 50 ፒኤስአይ፣ ፊት 40 ገደማ ይስማማዋል፤ የጎማው ጎን ላይ ከተጻፈው ወሰን ግን አትለፉ። የላላ ጎማ ፍሬን በተያዘ ቁጥር ቸርኬው ላይ ይንሸራተትና ቫልቮላውን ከሥሩ ይቀድደዋል፤ ያ ደግሞ አይለጠፍም። ቫልቮላችሁ እንደ መኪና ወፍራሙ ከሆነ ጎሚስታ ቤት ማስነፋት ይቻላል፤ ግን ኮምፕረሰሩ ለአይሱዙ የተሠራ ነው። ቱስ፣ ቱስ እያደረገ በጥቂት በጥቂቱ ያግባ፤ በአንድ ትንፋሽ ከለቀቀው ይፈነዳል።

ጥያቄ፦ የ17 ዓመት ልጄ ከጓደኞቹ ጋር በመኪና ብስክሌታቸውን ደንገጎ አውጥተው ወደ ድሬዳዋ ቁልቁል ሊወርዱ ነው። እኔ ፈርቻለሁ። ልከልክለው?

መልስ፦ አይከልክሉት፤ ፍሬኑን ግን ራስዎ ይዩለት። የፍሬን ጎማው ላይ ያለው ጎድጎድ መስመር ጠፍቶ ከሆነ ይቀየር። ካቦው እጀታው ውስጥ ከሚገባበት ቦታ ሲታይ አንድ ክር እንኳ ተበጥሶ ከሆነ ይቀየር፤ ቀሪዎቹ ለዚያ ቁልቁለት አይተርፉም። እጀታው በሙሉ ኃይል ተጨምቆ ከመሪው ጋር መነካካት የለበትም፤ ሁለት ጣት የሚያስገባ ክፍተት ይቅር። የፊት ጎማው ዳዶዎች ይጥበቁ። የራስ ቁር ይኑረው።

ከዚያ አወራረዱን ይንገሩት። ቁልቁለቱን ሙሉ ፍሬን ጨምቆ መውረድ የጥንቃቄ ይመስላል፤ አደገኛው ግን እሱ ነው። ያ ሁሉ ከፍታ ሙቀት ሆኖ ቸርኬው ላይ ይወርዳል። ቸርኬው ሲግል ከመነዳሪው ውስጥ ያለው አየር ይወጠራል፣ የልጣፊው ማስቲሽ ይለሰልሳል፣ እናም ጎማው ሲፈነዳ የሚፈነዳው ጠመዝማዛው ላይ ነው። ይልቅ ቀጥ ባለው ላይ ይልቀቀው፤ ከመታጠፊያው በፊት፣ ብስክሌቱ ገና ቀጥ እንዳለ፣ ሁለቱንም ፍሬን አጥብቆ ይያዝና ፍጥነቱን ይቀንስ፤ ሲታጠፍ ይልቀቅ። የፊቱ ፍሬን የበለጠ ይይዛል፤ ብስክሌቱ ካዘመመ በኋላ ወይም አሸዋ ላይ ግን አይነካ። በየአራት አምስት ኪሎ ሜትሩ ይቁሙ፤ ጥቂት ጠብታ ውሃ ቸርኬው ላይ ጣል ሲያደርጉ ቢንሿሿ አሥር ደቂቃ ይረፉ። ዲስክ ፍሬን ያለው ዲስኩን በእጁ እንዳይነካ፣ ውሃም እንዳያፈስበት፤ ያቃጥላል፣ ሊጣመምም ይችላል።

ከፊት ከባድ መኪና ካለ አይቅደሙት። ጠዋት ይውረዱ፤ ማታ ፀሐይ ዓይን ላይ ናት።

ጥያቄ፦ ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ። ሦስት ሴቶች ሆነን ለታኅሣሥ 19 ቁልቢ ገብርኤል በብስክሌት ለመሄድ አስበናል። ምን እንልበስ፣ ምን እንያዝ? መንገዱስ ይቻላል?

መልስ፦ ይቻላል፤ ቀኑን ግን አስተካክሉት። በ18 ከደንገጎ በላንጌ በኩል ያለው መንገድ በእግረኛ ተሳላሚና በመኪና ይጨናነቃል፤ ብስክሌት መሃላቸው መግቢያ አያገኝም። በ17 ጠዋት ውጡ፤ ማደሪያም ቀድማችሁ ያዙ፤ በዋዜማው አልጋ አይገኝም። መመለሻችሁንም በ19 ከቅዳሴ በኋላ አታድርጉት፤ ሁሉም ሰው የሚመለስበት ሰዓት ነው፣ ሹፌሩም ሌሊቱን ያልተኛ ነው። በ20 ንጋት ተመለሱ።

ሱሪ ልበሱ፤ ላዩ ላይ ረዘም ያለ ሸሚዝ ለአገሩም ለፀሐዩም ይስማማል። ነጠላው ቦርሳ ውስጥ ይሁንና ደጀ ሰላሙ ላይ ስትደርሱ ይውጣ፤ ጫፉ ጎማ ውስጥ ከገባ ያንቃል። የቀኝ እግር ሱሪ ታችኛውን በላስቲክ እሰሩት። ቁልቢ ከሐረማያም ከፍ ትላለች፣ የታኅሣሥ ሌሊትም እዚያ ብርድ ነው፤ ወፍራም ሹራብና ካልሲ ከሁሉ በፊት ይግባ። የወር አበባ መጠበቂያ ከሚያስፈልጋችሁ እጥፍ ያዙ፤ በመንገዱ ካሉት ትንንሽ ሱቆች ሁሉም አይዙትም።

ኮርቻውን ከጉዞው ሳምንት በፊት አስተካክሉ። ተቀምጠሽ ተረከዝሽን ታች በደረሰው ፔዳል ላይ ስታደርጊ እግርሽ ቀጥ ማለት አለበት። ብዙ ሴቶች መሬት ለመንካት ሲሉ ዝቅ አድርገው ይነዳሉ፤ ጉልበት የሚያምመው እሱ ነው።

ሕፃናት ተከትለው ከሮጡ አትፍጠኑ፤ ቀድማችሁ ሰላም በሉ፣ በኦሮምኛ ከሆነ ደግሞ ይበልጥ ጥሩ ነው። ድንጋይ የሚያነሣው ልጅ አብዛኛውን ጊዜ የሚሸሽ ሲያይ ነው። ውሻ ከመጣ ውረዱና ብስክሌቱን በመሃላችሁ አድርጉ፤ የሚያባርረው የሚሮጥ ነገር ነው፣ ሲቆም ያቆማል።

ጥያቄ፦ በሙቀት ስነዳ ውሃ እየጠጣሁም ራሴን ያመኛል፣ እግሬ ይኮማተራል። ምን ጎደለኝ? ከገንደ ቆሬ።

መልስ፦ ጨው። በድሬ ሙቀት ዳገት የሚወጣ ሰው በሰዓት እስከ አንድ ሊትር ላብ ሊያወጣ ይችላል፤ አብሮ የሚወጣውን ጨው በውሃ ብቻ መተካት አይቻልም። በአንድ ሊትር የተጣራ ውሃ ውስጥ ስድስት ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው አሟሟ፤ ጨውን ከዚያ አታብዛ። ሎሚ ለጣዕም ይጨመራል። በአንድ ሃይላንድ ይህን፣ በሌላው ንጹሕ ውሃ ይዘህ እያፈራረቅህ ጠጣ። የጉድጓድ ውሃ ከሆነ አፍልተው ወይም በክሎሪን አክመው ይጠጡታል፤ መጠኑ ጠርሙሱ ላይ ተጽፏል፣ ካከምክም በኋላ ግማሽ ሰዓት ጠብቅ።

ምግብም ከመራብህ በፊት ነው። በየሰዓቱ አንድ ሙዝ ወይም እፍኝ ቴምር፣ ባቢሌ ስትደርስ ለውዙን። በሶ ጠዋት ከመነሣት በፊት ይሠራል፤ ጭኮ ደግሞ ከረጢት ውስጥ ቀናት ይቆያል፣ ትንሹም ይበቃል። ሽንትህ ከጠቆረ፣ ላብህ ከቆመ ወይም ካቅለሸለሸህ ጥላ ፈልገህ ተኛ፤ አንገትህንና ብብትህን አርጥብ፤ የዚያ ቀን ጉዞ አብቅቷል። ግራ ከተጋባህ ወይም ራስህን ከሳትህ ጓደኞችህ ወደ ጤና ጣቢያ ይውሰዱህ።

ጥያቄ፦ ከጅግጅጋ በመኪና መመለስ እንፈልጋለን። ብስክሌት ፖርቶመጋላ ላይ ሲጫን ይጎዳል?

መልስ፦ በትክክል ካልታሰረ አዎ። ፔዳሎቹን ፍቱ፤ የቀኙ እንደተለመደው ወደ ግራ ሲዞር ይፈታል፣ የግራው ግን ተቃራኒ ነው፣ ወደ ቀኝ ይፈታል። ይህን ሳያውቁ በጉልበት የሚያዞሩ ፔዳሉ የሚገባበትን ክንድ ያበላሹታል። መሪውን ከፊት ጎማው ጋር ትይዩ አድርጋችሁ አዙሩ። ማርሹን ትልቁ የኋላ ጥርስ ላይ አድርጉት፤ ያኔ ማርሽ ቀያሪው ወደ ውስጥ ይገባል። ብስክሌቱ የሰንሰለቱ ወገን ወደ ላይ ሆኖ ይተኛ፣ ከበታቹ ጆንያ ይነጠፍ፣ ሌላ ጭነት ላዩ እንዳይወጣ ረዳቱን በፊታችሁ አስማሙት። ከባሕር ጠለል ከፍ ካለው ወደ ዝቅተኛው ስትወርዱ ጎማው ይላላል እንጂ አይፈነዳም፤ የሚያፈነዳው ቆርቆሮው ላይ የተኛ ጎማ በቀትር ፀሐይ ሲግል ነው፤ ስለዚህ ከነፋሱ ሩቡን አስተንፍሱ።